ዋጋው እንደ በዓል ዶሮ የሚዋዥቅ የኳስ ቲኬት እንዴት ይገዛል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ የአውሮፓ ክለብ ለወዳጅነት ጨዋታ እኛ ወዳለንበት የአሜሪካ ከተማ መጣ። ሽያጩ የተከፈተ ዕለት ሥራ ቦታ ነበርኩ። ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ደብቄ ሁለት ቲኬት ገዛሁ፤ አንዱ 164 ዶላር። ለእኔና ለልጄ። ያን ቀን ከሰው ሁሉ የቀደምኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የጨዋታው ቀን ስታዲየሙ በር ላይ የእህቴን ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አገኘሁት።

«ስንት ገዛችሁ?» አልኩት።

«እኛማ ዛሬ ጠዋት ነው የገዛነው ጋሼ። 38 ዶላር።»

ወንበራቸው ደግሞ ከእኛ ሦስት ረድፍ ወደ ሜዳው ይቀርባል። ጨዋታውን አየሁት ለማለት ይከብደኛል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ 38ን ከ164 ስቀንስ ነበር። 126፤ በሁለት ሲባዛ 252።

ከዚህ በታች ያለው ያንን 252 ዶላር ከፍዬ የተማርኩት ነው። በብዛት የምናገረው ስለ አሜሪካ ነው፤ ነገሩ የከፋው እዚህ ስለሆነ። ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ነገሩ የበዓል ዶሮ ነው

በዓል ሲመጣ ሾላ ገበያ ወርዶ ዶሮ የገዛ ሰው ይህን ዋጋ አሳምሮ ያውቀዋል። በዋዜማው ጠዋት ባለ ዶሮው ደረቱን ነፍቶ ይጠራል። ገዢው ሲበዛ ይጨምራል። አመሻሽ ላይ ግን ከሁለት አንዱ ይሆናል። ዶሮው ካለቀ፣ የቀረችው አንዲት ኮሳሳ በወርቅ ትሸጣለች። ዶሮው ከተረፈ ደግሞ ሻጩ ተሸክሞ መመለሱን አይፈልገውምና «በቃ ውሰዷት» ይላል።

የኳስ ቲኬት ከዶሮም ይብሳል። ዶሮዋ ቢያንስ ለዳግም ትንሣኤ ትቆያለች። ሳይሸጥ የቀረ ወንበር ግን ጨዋታው ሲያልቅ ዋጋው ዜሮ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ኮምፒውተር አስቀምጦ ስንት ሰው እንደሚፈልግና ስንት ወንበር እንደቀረ እያየ ዋጋውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ፈረንጆቹ ለዚህ ብዙ ስም አላቸው፤ በእኛ ተለዋዋጭ ዋጋ እንበለው።

ዘዴውን መጀመሪያ ያዳበሩት አየር መንገዶች ናቸው፤ አሜሪካ በ1978 የአየር ጉዞ ዋጋ ላይ የነበረውን የመንግሥት ቁጥጥር ካነሳች በኋላ። ከዚያ ወደ ቤዝቦል ገባ። ሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ በ2009 በተወሰኑ ወንበሮች ሞክሮት፣ በ2010 ለስታዲየሙ በሙሉ አደረገው። በእንግሊዝ እግር ኳስ ጀማሪው ደርቢ ካውንቲ ነው፤ በ2012።

አዲስ አበባ ስታዲየም ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ባዕድ ነገር ነው። እዚያ ዋጋ የሚለየው በመቀመጫ ነበር። ካታንጋ የካታንጋ ዋጋ አለው፤ ሚስማር ተራ የራሱ፤ ጥላ ፎቅ ደግሞ ኪሱ ለሞላ። ጊዮርጊስና ቡና ሲጋጠሙ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ አይናገርም፤ የሚናገረው ውጭ የቆመው አየር ባየር ነጋዴ ነው። እሱ ከሚያገኘው ትርፍ ክለቡ ሳንቲም አይደርሰውም። የተለዋዋጭ ዋጋ ደጋፊዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ትርፉን ደላላ ከሚበላው ክለቡ ይብላው። ክርክሩ ውሸት አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ አየር ባየሩ ከመንገድ ተነስቶ ቢሮ መግባቱ ነው።

ለማንኛውም ወደ ሥራችን።

1. ዋጋውን ማን እንደሚያወጣው ለዩ

ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ለሦስቱም የሚሠራው ዘዴ ይለያያል።

አንደኛው በምድብ የተቆረጠ ዋጋ ነው። እንደ አርሰናል ያሉ ክለቦች ጨዋታዎችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ሲመድቡ ኖረዋል። ተጋጣሚው ትልቅ ከሆነ ይወደዳል፣ ትንሽ ከሆነ ይረክሳል። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለውን ጠብቃችሁ የምታተርፉት ነገር የለም። ከተመቻችሁ ግዙ።

ሁለተኛው የክለቡ ወይም የአዘጋጁ ተለዋዋጭ ዋጋ ነው። ዛሬ 90 ያለው ነገ 120 ወይም 60 ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ዳግም ሽያጭ ነው። አስቀድሞ የገዛ ግለሰብ ወይም ደላላ የለጠፈው ዋጋ። እዚህ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሰውየው ነው የሚወስነው፤ ሰው ደግሞ ይፈራል፣ ይሰስታል፣ ይደነግጣል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የአሜሪካ መሸጫዎች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ካርታ ላይ ቀላቅለው ያሳያሉ። ነጥቦቹ በቀለም ይለያያሉ። ማጣሪያው ውስጥ ገብታችሁ ዳግም ሽያጩን አንዴ አጥፉት፣ አንዴ አብሩት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ደግሞ «ፕላቲነም» በሚል ስም እንዳትሸወዱ። ትልቁ የአሜሪካ ቲኬት መሸጫ ቲኬትማስተር ላይ ይህ ቃል ምግብም፣ ለስላሳ ወንበርም፣ የተለየ በርም ማለት አይደለም። ዋጋው በፍላጎት የሚቆረጥ ተራ ወንበር ማለት ነው። አንድ ወዳጄ ፕላቲነም ገዝቼ ምሳ የለም ወይ ብሎ ሠራተኞቹን ሲያፋጥጥ አይቻለሁ።

2. ጣሪያችሁን አፑን ሳትከፍቱ ቁረጡ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህ ይበልጣል። ይህን ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ብትተዉት እንኳ አልከፋም።

አፑ የተሠራው ለሚቸኩል ሰው ነው። የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ «ይህን ወንበር 14 ሰዎች እያዩት ነው» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ሊል ይችላል። በዚያ መሃል ሆኖ «ስንት ብከፍል አይቆጨኝም?» ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ቤታችሁ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጻፉት።

ቁጥሩ የቲኬቱ ብቻ አይሁን። የመኪና ማቆሚያ፣ ባቡር ወይም ነዳጅ፣ ልጆች ካሉ ውስጥ የሚጠይቋችሁ ውኃና ሆት ዶግ፣ ሁሉም ይግባ። ስታዲየም ውስጥ ያለ ውኃ ዋጋ የቦሌ ሆቴል ውኃን ያስመሰግናል። ለአራት ሰው 400 ዶላር ካላችሁ፣ ከዚያ ላይ 100 ለሌላው ቀንሱና የቀረውን ለአራት አካፍሉት። 75 ይመጣል። ጣሪያችሁ 75 ነው። 79 ካለ አትገዙም። «አራት ዶላር ምን አላት» ማለት ከጀመራችሁ ጨዋታው እዚያው አብቅቷል።

አንድ ጥሩ ነገር፦ ከግንቦት 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የቲኬት ሻጭ የግዴታ ክፍያዎችን ያካተተውን ሙሉ ዋጋ ገና ከመጀመሪያው የማሳየት ግዴታ አለበት። ድሮ 60 ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ 88 የሚሆነው ጉድ በሕግ ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የመጨረሻውን መስመር አንብቡ።

3. ጨዋታውን እንደ ነጋዴ አንብቡ

አሁን ለጊዜው ደጋፊነታችሁን አስቀምጡና ስታዲየሙ ይሞላል አይሞላም ብላችሁ ጠይቁ። ማን ከማን? ቀኑ ቅዳሜ ማታ ነው ወይስ ረቡዕ? ስታዲየሙ 20 ሺህ ነው ወይስ 80 ሺህ? ጨዋታው ዋንጫ የሚወስን ነው ወይስ ለአካል ማፍታቻ? ትኩስ ፀሐይ ነው ወይስ ዝናብ? የሚመጣው ቡድን በከተማው ውስጥ ብዙ ደጋፊ አለው ወይ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቅ ስም ሁልጊዜ ውድ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። ትልቅ ስም በጣም ትልቅ ስታዲየም ውስጥ፣ በሥራ ቀን፣ ሊረክስ ይችላል። መካከለኛ ቡድን ትንሽ ስታዲየም ውስጥ በመጨረሻው ሳምንት ለዋንጫ ሲጫወት ግን በእጥፍ ይጠራል።

ለአንድ ተጫዋች ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። ሜሲ በ2023 ወደ ኢንተር ማያሚ ከመጣ ወዲህ የእንግዳ ሜዳ ቲኬት ዋጋ ሰማይ ነካ። አንዳንድ ክለቦች እሱን ለማስተናገድ ጨዋታውን ወደ ትልልቅ የአሜሪካ ፉትቦል ስታዲየሞች አዛወሩ። በጥቅምት 2023 ቺካጎ ሶልጀር ፊልድ 62,124 ሰው ገባ፤ ሜሲ ግን በጉዳት አልተሰለፈም። ማያሚ 4 ለ 1 ተሸነፈ። በየካቲት 2024 ሆንግ ኮንግ ደግሞ ማያሚ 4 ለ 1 አሸነፈ፤ ሜሲ ግን ከተቀያሪ ወንበር ሳይነሳ ጨዋታው አለቀና ሕዝቡ የተቃውሞ ጩኸት አወረደባቸው። እዚያ አዘጋጁ ኋላ ላይ ግማሹን ገንዘብ ለመመለስ ተስማማ። እናንተ እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥማችሁም ብላችሁ ግዙ። ቲኬት የሚገዛው ለጨዋታ እንጂ ለአሰላለፍ አይደለም።

4. ደብተር ያዙ

ሳቅ ያስመጣል፤ ግን ይሠራል። ጨዋታው አንድ ወር ሲቀረው አንድ ዞን ምረጡ። ለምሳሌ ማዕዘን በኩል ያለው ሁለተኛው ፎቅ። በየሁለት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ የአዘጋጁ ርካሽ ዋጋ፣ የዳግም ሽያጩ ርካሽ ዋጋ፣ በዞኑ ውስጥ ክፍት ሆነው የሚታዩት ወንበሮች በግምት። ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሳምንት በኋላ መስመሮቹ ራሳቸው ያወራሉ። ዳግም ሽያጩ ከአዘጋጁ በታች ከወረደ የገዙት ሰዎች መፍራት ጀምረዋል ማለት ነው፤ ጠብቁ። ወንበሩ እየቀነሰ ሁለቱም ዋጋ እየወጣ ከሆነ አትጠብቁ፤ ከጣሪያችሁ በታች እያለ ግዙ። ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ አዘጋጁ ሰዓት እየገዛ ነው፤ እናንተም ግዙ፣ ሰዓቱን ማለቴ ነው።

ካርታው ላይ ግን አንድ ማታለያ አለ። የማይታይ ወንበር ሁሉ የተሸጠ አይደለም። አዘጋጆች የተወሰኑ ዞኖችን ይዘው ቆይተው በየጊዜው ይለቃሉ። ለካሜራ፣ ለስፖንሰር፣ ለእንግዳ ተብሎ የተያዘ ወንበርም ሳይፈለግ ሲቀር በመጨረሻዎቹ ቀናት ይመለሳል። «አልቋል» የተባለ ዞን ሐሙስ ጠዋት ድንገት ሲከፈት ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ጥሩ ወንበር በመደበኛ ዋጋ የሚገኘውም ያኔ ነው።

«አፑ ደጋግሜ ስለምከፍተው እየጨመረብኝ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ካደረባችሁ፣ ጓደኛችሁ በራሱ ስልክ በዚያው ደቂቃ ያንኑ ወንበር ይክፈት። ቁጥራችሁ አንድ ከሆነ ጥርጣሬው ቀረ።

መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ማየት የሚፈልግ የ2025ን የክለቦች ዓለም ዋንጫ ያስታውስ። የቼልሲና የፍሉሚኔንሴ ግማሽ ፍጻሜ ኒው ጀርሲ፣ ሜትላይፍ ስታዲየም ነበር። ሥራ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከ80 ሺህ በላይ ወንበር። መደበኛ ቲኬቱ 473.90 ዶላር ይል የነበረው ጨዋታው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት 13.40 ገባ። አዎ፣ አሥራ ሦስት። ቀድመው የገዙት ሰዎች ፊት ምን ይመስል እንደነበር አልነግራችሁም፤ መስታወት ውስጥ አይቼዋለሁና አውቀዋለሁ።

5. መጠበቅ የማይሠራባቸው ጨዋታዎች

አሁን ያልኩትን ሁሉ ይዛችሁ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን እንዳትጠብቁ። ዶሮው የሚያልቅበት በዓል አለ።

በ1994 አሜሪካ የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ የቲኬቱ ዋጋ ከ25 እስከ 475 ዶላር ነበር። ኳታር 2022 ላይ የፍጻሜው ውዱ መደበኛ ወንበር 1,600 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ለ2026 ፊፋ በዓለም ዋንጫ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋውን በፍላጎት ላይ መሠረተ። በመስከረም 2025 ሽያጭ ሲጀምር የምድብ ጨዋታ ከ60 ዶላር፣ የፍጻሜው ውድ ወንበር 6,730 ነበር። በታኅሣሥ፣ የምድብ ድልድሉ ሲታወቅ፣ ያው የፍጻሜ ወንበር 8,680 ሆነ። የአውሮፓ ደጋፊዎች ማኅበር እሪ አለ። ፊፋም በዚያው ወር ለየአገሩ ታማኝ ደጋፊዎች በሁሉም ጨዋታ፣ ፍጻሜውን ጨምሮ፣ በ60 ዶላር የሚሸጥ ቲኬት አወጣ። ብዛቱ ግን እያንዳንዱ ፌዴሬሽን ከሚደርሰው ድርሻ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ውድድር የመጀመሪያው ዙር የቲኬት ዕጣ ነው የሚበጃችሁ። ማን ከማን እንደሚጫወት ሳይታወቅ መግዛት ያስፈራል፤ ግን ሌላውም ስለሚፈራ ነው ዋጋው ዝቅ የሚለው። በ2026 እንደ አትላንታ፣ ሲያትልና ዳላስ ጨዋታው ያላችሁበት ከተማ ድረስ ከመጣ፣ ሆቴልም የአውሮፕላን ቲኬትም ስለማያስፈልጋችሁ ይህን ስጋት መውሰድ ትችላላችሁ። የጨዋታው ተጋጣሚ ባይጥማችሁ የምታጡት የአንድ ቀን ኳስ ነው።

ከዓለም ዋንጫ ውጭ ሌሎች የማይጠበቁ አሉ። የከተማ ደርቢ በትንሽ ስታዲየም። አራት ወይም ከዚያ በላይ አጠገብ ለአጠገብ ወንበር የምትፈልጉበት ጨዋታ። ከሌላ ከተማ በረራ የቆረጣችሁበት ጨዋታ፤ አውሮፕላኑ ተከፍሎ ቲኬት የሌለው ሰው መደራደር አይችልም።

6. ሽያጩ የሚከፈትበት ቀን

ቀድማችሁ ግቡ፣ ካርድ መዝግቡ፣ የይለፍ ቃል አስታውሱ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን በዚያው ደቂቃ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ይጫናል።

ወረፋውን በተመለከተ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። በትልልቆቹ መሸጫዎች ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት «መጠበቂያ ክፍል» የሚባለው ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ተራው የሚወጣለት በዕጣ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ የገባና አምስት ደቂቃ ሲቀረው የገባ እኩል ናቸው። ከተከፈተ በኋላ የመጣ ግን ከኋላ ይሰለፋል። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ቀደም ማለት ይበቃል። ገጹን ማደስ ግን ተራ ያስጠፋል፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

ተራችሁ ደርሶ ዋጋው ከጣሪያችሁ በላይ ከሆነ? ውጡ። ያን ቀን ላይ ያለው ዋጋ የሰው ሁሉ ጉጉት አንድ ላይ የተጨመቀበት ነው። ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

7. የመጨረሻዎቹ 48 ሰዓታት

ሦስተኛውን ዓይነት ሻጭ አስታውሱ፤ የሚደነግጠውን። ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ያ ሰው ስልኩን በየሰዓቱ ማየት ይጀምራል። የልጁ ልደት አለበት፣ አለቃው ቅዳሜ ግባ ብሎታል፣ ወይም ደላላ ነውና ሃያ ቲኬት እጁ ላይ ቀርቷል። አሥር ዶላር ይቀንሳል። ጎረቤቱ ያንን አይቶ አሥራ አምስት ይቀንሳል። የእኔ የእህት ልጅ የገባው በዚህ በር ነው።

ብቻውን የቀረ ወንበር ሁልጊዜ ይረክሳል፤ ሰው ብቻውን ኳስ ማየት አይወድምና። ሁለት ሆናችሁ ከሆነ አንዱ ከሌላው ሁለት ረድፍ ኋላ ቢቀመጥ ምን አለበት? በእረፍት ሰዓት ትገናኛላችሁ። አራት ከሆናችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ፈልጉ፤ አንድ ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር። አራት አንድ ላይ ስትሉ የምትከፍሉት ቅጣት ነው።

ቲኬቱ ሳይደርስ በር ላይ እንዳትቀሩ ግን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሲቀር ግዙ። ዝውውሩ አንዳንዴ ወዲያው ይመጣል፣ አንዳንዴ ልብ ያወጣል። የስታዲየም ኢንተርኔት ደግሞ ሰው ሲሞላ ይሞታል፤ ቲኬታችሁን ቤት እያላችሁ ስልካችሁ ዋሌት ውስጥ አስገቡት።

እነዚያ 48 ሰዓታትም አልፈው ከጣሪያችሁ ካልወረደ ቅሩ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ሆኖብኝ ቀርቻለሁ። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሐበሻ ቤት ክትፎ አዝዤ በትልቅ ስክሪን አየሁት። ጎሉንም ደጋግመው አሳዩን።

8. በቴሌግራም ግሩፕ «ቲኬት አለኝ» ሲባል

በየከተማው የእኛ ሰዎች ግሩፕ አለ። «ወንድሞቼ፣ ሁለት ቲኬት አለኝ፣ መሄድ አልቻልኩም» የሚል መልእክት ይለቀቃል። አብዛኛው እውነት ነው። እውነት ያልሆነው ግን እውነተኛውን ይመስላል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአፑ በኩል ወደ ስሜ ያዙርልኝ። ስክሪንሹት አልቀበልም፤ ፒዲኤፍ አልቀበልም። የዛሬ ዘመን የሞባይል ቲኬት ባርኮድ በየጥቂት ሴኮንዱ ይታደሳል፤ ፎቶ የተነሳ ባርኮድ በር ላይ ሞቶ ነው የሚደርሰው። ገንዘቡን ደግሞ ለማታውቁት ሰው በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው በሚልከው የስልክ አገልግሎት፣ አትላኩ። ዜል ማለት ጥሬ ገንዘብ እጅ ላይ መስጠት ነው፤ ከሄደ ሄደ። የሚመለስ ዋስትና ያለው መክፈያ ተጠቀሙ፤ አለዚያ በአካል ተገናኝታችሁ፣ ቲኬቱ ስልካችሁ ላይ ሲታይ ክፈሉ። «ወገን አይደለን እንዴ» ቢላችሁ፣ ወገን ስለሆንን ነው ይህን የምጠይቅህ በሉት።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ተጠንቀቁ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የእግር ኳስ ቲኬትን ያለ ክለቡ ፈቃድ መሸጥ ከ1994 ጀምሮ ወንጀል ነው። እዚያ መንገዱ የክለብ አባልነትና የክለቡ የራሱ መለዋወጫ ነው። የፕሪሚየር ሊግ የእንግዳ ደጋፊ ቲኬት ከ2016 ጀምሮ ከ30 ፓውንድ አይበልጥም። ያ በልመና አልመጣም። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሊቨርፑል የ77 ፓውንድ ቲኬት ሲያስብ፣ ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ተነስተው ወጡ። ሲወጡ ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር፤ 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ሐሳቡን ሰረዙት። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለማየት እድሜ ይስጠን።

9. እናንተ ሻጭ ስትሆኑ

አንድ ቀን እናንተም መሄድ ያቅታችኋል። ያኔ ደብተሩን ገልብጡት፦ የገዢ መልካም ዜና የሻጭ መርዶ ነው። ዋጋው ወደ ታች የሚሄድ ጨዋታ ከሆነ ዛሬውኑ ለጥፉ፤ የመጨረሻዎቹን 48 ሰዓታት አትድረሱባቸው።

ኮሚሽኑን ቀድማችሁ አስሉ። የፊፋ የ2026 መለዋወጫ ከሻጭ 15 ከመቶ፣ ከገዢም 15 ከመቶ ይወስዳል። በ200 ዶላር የገዛችሁትን በ200 ከለጠፋችሁት ገዢው 230 ይከፍላል፣ እናንተ 170 ይደርሳችኋል። ሳትከስሩ ለመውጣት 235 ገደማ መለጠፍ አለባችሁ፤ ገዢው ደግሞ 270 ሊከፍል ነው። ቲኬቱ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ስልክ ለመሄድ 70 ዶላር በላ። መጀመሪያ ለዘመድና ለጓደኛ የሚባለው ለዚህ ነው፤ በዋናው ዋጋ ሸጣችሁለት ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

ባለፈው የመኸር ወቅት ሁለት ቲኬት ተርፎኝ ለጠፍኩ። 60 አልኩ፣ 45 አልኩ፣ 30 አልኩ። ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። ጨዋታው አራት ሰዓት ሲቀረው ለእህቴ ልጅ በነጻ አዛወርኩለት። ወዲያው ደወለ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፓርኪንጉስ ከተከፈለው ጋር ነው?»